እስከ አስር

“አውራ ጣቷ ታጠፈ! ሰመመኑን ጨምሪላት እንጂ፣ ሥራ አለብኝ!” አለ ቀዶ ሐኪሙ ምላጩን እንደያዘ።

“ዶክተር፣ ሥራህ እኮ እሷ ናት!” አለች ሰመመን ሰጪዋ በንዴት። መርፌውን ብታነሳም አልጨመረችም። ትንሿ ልጅ “እስከ አስር ቁጠሪ፣ የኔ እናት” ስትባል ጣቶቿን አንድ በአንድ እያጠፈች አራት ላይ ነበር እንቅልፍ የወሰዳት፤ አሁን የታጠፈችው አውራ ጣት አምስተኛዋ ናት። የተሰጣት መጠንም በካርዷ ላይ ለተጻፈው አስራ ስድስት ኪሎ ልክ ነበር። መርፌውን እንደያዘች የሰመመን ሰጪዋ ዓይን፣ ገና አሁን ከልጅቷ እግር ተቆርጦ በወጣው ጄሶ ላይ አረፈ። አነሳችው፤ እንደ ድንጋይ ከበዳት።

“ከነጄሶዋ ነው እንዴ የመዘናችኋት?”

ለልጅቷም ለጄሶውም የሚበቃ መድኃኒት በዚያች ቀጭን ደም ሥር ገብቷል። የልጅቷ ደረት መንቀሳቀሱን አቁሟል። ሰመመን ሰጪዋ መርፌውን ወርውራ ጭምብሉን ልጅቷ ፊት ላይ ደፋችና የአየር ከረጢቱን ጨመቀች። በልጅቷ ሌላኛው እጅ ትንሿ ጣት ታጠፈች፤ ስድስት። ደግማ ጨመቀች፤ ሰባት። ሐኪሙ ምላጩን አስቀምጦ ወደ ኋላ ሸሸ። ስምንት። ዘጠኝ። የመጨረሻዋ አውራ ጣት ቀስ ብላ ስትታጠፍ፣ ልጅቷ በራሷ ተነፈሰች።