የነጠላው ጥግ

አየለች አምቦ ያለው ቤቷ መሸጡን የሰማችው ጣሪያውን ሊለካ ከመጣ አናጺ ነው። አናጺውን የላከው ገዢው፣ የባኮ በቆሎ ነጋዴ፣ ውሉን ይዞ መጣ። ከባሏ ከመልአኩ ፊርማ ጎን፣ በእሷ ስም ላይ፣ የአውራ ጣት አሻራ ተቀምጧል።

«እኔ አልፈረምኩም» አለችው።

«አዴ፣ መታወቂያዎ እኮ ተያይዟል።»

እውነትም ተያይዟል። አየለች አማቷ ወይዘሮ ፈትለወርቅ ያረፉ ጊዜ አሥራ ሁለት ቀን ሐዘን ቤት አድራለች፤ ከዚያ ወዲህ መታወቂያዋን አላየችውም።

ሃያ ሁለት ዓመት የኖረችበት ቤት ነው። ጭቃውን ረግጣለች፤ ቆርቆሮውን ተሸክማለች። መልአኩ ብሩን ተቀብሎ ጊንጪ፣ እንቁ የምትባል ሴት ቤት ገባ። ሲጠየቅ ሚስቴ ራሷ ናት የፈረመችው ብሎ ድርቅ አለ።

ሩት የመልአኩ እህት ናት፤ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ትሠራለች። ሰፈሩ ለወንድሟ ታደላለች ብሎ ነበር። እሷ ግን የእናቷን ከል እንደለበሰች፣ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች መጥታ ብዕር አነሳች። አየለች ማንበብ አትችልም፤ ሩት አቤቱታውን በኦሮምኛ ጻፈችላት። የነጠላዋ አንዱ ጥግ ጎድሎ ያየችው አየለች ልዘምዝምልሽ ብትላት፣ አይጥ በልቶት ነው፣ ተይው አለቻት።

«ከእናቴ ልጅ ትበልጪብኛለሽ» አለች አየለች።

ሩት አቀርቅራ መጻፏን ቀጠለች።

ባልና ሚስት ያፈሩት ቤት ያለ ሁለቱ ፈቃድ አይሸጥም፤ ይህን ዳኛውም አልካዱም። ጥያቄው ጣቱ የማን ነው የሚል ነበር። አሻራው ለምርመራ አዲስ አበባ ተልኮ ቀለሙ ፈስሷል፣ አይለይም ተብሎ ተመለሰ።

ውሉን ያጸደቁት ኦቦ ዓብዲሳ ለምስክርነት ቀረቡ። ከመልአኩ ጋር የመጣችው ሴት ከል ለብሳ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ነበር አሉ።

«ሐዘንተኛ ናት። ነጠላሽን ግለጪ ማለት ነውር ሆነብኝ። ጣቷን መጥረጊያ ጨርቅ ብሰጣት አልተቀበለችኝም፤ በነጠላዋ ጥግ ጠረገችው።»

እንቁም ወንድሟ ሞቶባት ከል ለብሳለች። ከዚህ በኋላ ያተመችው እንቁ መሆኗን አምቦ ውስጥ የተጠራጠረ ሰው አልነበረም።

አየለች ሩትን አስከትላ ጊንጪ ሄደች። እንቁ ሕፃኗን እንዳዘለች ሣጥኗን ከፈተችና ያሏትን ሦስት ነጠላዎች አልጋው ላይ ዘረጋች። ሦስቱም ንጹሕ ነበሩ።

«ባልሽን ወሰድኩ፣ እሺ» አለች። «ጣትሽን ምን ላደርገው?»

«ነጠላውን አጥበሽዋል» አለች አየለች። አንገቷን ልታንቅ ስትል ሩት ከኋላ ይዛ ጎተተቻት። ነጠላዎቹን ዞራ አላየቻቸውም፤ አየለች ከንዴት መሰላት።

የመጨረሻው ቀጠሮ ለሐሙስ ተቆረጠ። ያን ቀን ማስረጃ ካልቀረበ ቤቱ ለነጋዴው ይለቀቃል። እንቁ በአየለች ክስ ተይዛ ከነሕፃኗ ጣቢያ አደረች። ሁለት ጎረቤቶች በውሉ ቀን እንቁን አምቦ ውስጥ አየናት ብለው ሊምሉ ቆረጡ። አላዩዋትም። ግን ተናደዋል፤ ንዴታቸውን እንደ ማየት ቆጠሩት።

አየለች ሩትን ሦስተኛ ምስክር ሁኚ አለቻት። ሩት እሺ አለች።

ሐሙስ ጠዋት ሁለቱ ጎረቤቶች ማሉ። እንቁ የምታጠባውን ሕፃን ከጡቷ ሳታላቅቅ ጠላቶቿን አንድ በአንድ አየች።

«ስታሰር ልጄን የምታጠቡልኝ እናንተ ናችሁ» አለች፤ ዳኛው ዝም አሰኟት።

ቀጥሎ ሩት ተጠራች። እጇን አንስታ ማለች።

«ጣቷን ያተመችውን ሴት ያውቋታል?» አሉ ዳኛው።

ሩት ቦርሳዋን ከፈተች፤ የማኅተም ቀለም የደረቀበት፣ በመቀስ የተቆረጠ የነጠላ ጥግ አውጥታ ዳኛው ፊት አስቀመጠችው።