የእሑድ ጉርሻ

በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ የሌላውን ዴስክቶፕ እንደሚከፍቱት፣ ዛሬ የሞተን ሰው በሕያው ሰው ጭንቅላት ውስጥ መክፈት ይቻላል። እኔም እሑድ እሑድ ለባሌ ለቃልአብ የሞተችውን የመጀመሪያ ሚስቱን፣ ህሊናን፣ በራሴ ውስጥ እከፍትለታለሁ። ለአንድ ሰዓት እኔ እተኛለሁ፤ እሷ በእኔ ዓይን ታየዋለች።

ባለፈው እሑድ ስነቃ አፌ በምግብ ተሞልቷል። የቃልአብ ጣቶች ወጥ ነክቷቸዋል።

“አጎረስካት?” አልኩት፣ እንደምንም ውጬ።

“አንዴ ብቻ እኮ ነው።”

እኔንማ “ጉርሻ አልወድም” እያለ በአራት ዓመት ትዳራችን አንድ ቀን አጉርሶኝ አያውቅም! ሳምንቱን ሙሉ አኮረፍኩት።

ዛሬ ሰዓቱ አልቆ ህሊና ስትዘጋ፣ መንቃቴን አልነገርኩትም። ፎቶዋ ላይ እንዳየሁት ፈገግ አልኩና አፌን ከፈትኩለት።