ስድስተኛው ጥያቄ

በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀረ፤ የእህሉ መጋዘን ተዘጋ፤ የመጋዘን ጸሐፊው ሚስትም አረፈች።

ማታ ማታ ከሒሳብ አያያዝ መጽሐፍ መልመጃ እሱ ይሠራ፣ እሷ ታርም ነበር። “አንተ ሰውዬ፣ ዛሬም ከትርፉ የሚቀነሰውን የመኪናውን የእርጅና ቅናሽ ረሳኸው!” ስትለው፣ “አንቺ መጀመሪያ ተበድረሽ የጣልሻትን እስክሪብቶዬን መልሺ!” ይላታል። ሃያ ዓመት እንዲሁ ተባባሉ።

አሁንም በየቀኑ አንድ ጥያቄ ሠርቶ ደብተሩን በእሷ ወንበር ፊት ይተወዋል፤ ሳይታረም ያነሳዋል። ቤቱ ጭር ብሎበታል።

ዛሬ ስድስተኛውን ሠራና በሩን ቆልፎ ዳቦ ሊገዛ ወጣ። ሲመለስ የረሳው የእርጅና ቅናሽ በእሷ ጅራታም አጻጻፍ ገብቷል፤ ትርፉም ተስተካክሏል። ቀለሙ አልደረቀም። ከደብተሩ ጎን፣ ያቺ የጠፋችው፣ ጫፏን በጥርሱ ያኘካት አረንጓዴ እስክሪብቶው ተቀምጣለች።

አነሳት። ገና ከሰው እጅ እንደወጣች ሁሉ ትሞቃለች።