የትሁን ተራ

መምህር መንገሻ የግዕዙን ጸሎት የመጀመሪያ መስመር አንብበው ዝም ይላሉ። ትሁን ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ሁለተኛው መስመር የካሴ ነው፤ ካሴ የለም። ሦስተኛው የሾሻና ነው፤ ሾሻናም የለችም። በመምህሩ ሕግ ግን የቀረ ተማሪ መስመር በሌላ ሰው አይነበብም። ተነቦ የሚያልቅበትን ያህል ጊዜ ዝም ተብሎ ለባለቤቱ ይጠበቅለታል።

በልጅነታቸው፣ አገር ቤት ጎንደር ዙሪያ፣ ቄሱ አባታቸው እንዲህ ነበር የሚያስተምሩት። ልጅ ታሞ ሲቀር መስመሩ ይጠብቀዋል። የታመመ ልጅ ግን ይድናል። ሕግ ሊማር የሄደ ልጅ አይመለስም።

የሠርክ ጸሎቱ ሃያ አራት መስመር አለው። ግዕዝ ሊማር የተመዘገበ ሁሉ ባለፉት ዓመታት በተራው አንድ አንድ መስመር ወስዷል፤ የመጀመሪያው የመምህሩ ነው፣ የመጨረሻው የትሁን። መሐል ያሉት ሁሉ ሄደዋል። መጀመሪያ ወጣቱ ሁሉ ጠበቃ ልሁን አለ። ቀጥሎ የኢኮኖሚክስ ዘመን መጣና ስድስቱን ባንድ ክረምት ጠራርጎ ወሰደ። ከዚያ ነርስነት፣ ከዚያ ሥነ ልቦና። አሁን ደግሞ ኮምፒውተር የማይማር ልጅ ካለ ዘመድ ተሰብስቦ ይመክረዋል። ዩኒቨርሲቲውም ትምህርቱን ከትልቁ ግቢ አውጥቶ እዚህ ኢትዮጵያ ጎዳና፣ አንድ አሮጌ የድንጋይ ቤት ፎቅ ላይ አስቀመጠው።

ዛሬ ጠዋት ከጊሎ ሰፈር ስትመጣ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ትሁን የመዛወሪያ ቅጹን ስልኳ ላይ ሞልታ ልካለች። እናቷ ሁለት ዓመት ሙሉ ነግራታለች፤ “ግዕዝሽ የአህያ ባል ነው፣ ከጅብ አያስጥልም።” እናቷ እውነቷን ነው፤ ለዚህ ነው ትሁንን የከፋት። እሷ ከወጣች ተማሪ የለም፣ ተማሪ ከሌለ ክፍሉ ይዘጋል። ይህን ፊት ለፊት ልትነግራቸው መጥታ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠች ሩብ ሰዓት ሆኗታል።

የመምህሩ ጣት ባዶው መስመር ላይ ይሄዳል። ትሁን የምታየው ነገር አጥታ ጣታቸውን ታያለች፤ እስከ ዛሬ ልብ ያላለችውንም ያኔ ልብ ትላለች። ጣታቸው በሁሉም መስመር እኩል አይሄድም። በካሴ መስመር ላይ ሮጦ ነበር። በሾሻና ላይ ረጋ አለ። አሁን አራተኛው ላይ፣ የሚካል ላይ፣ መሐል ደርሶ ወደ ኋላ ይመለስና የሳተ ሰው እንደሚያደርገው አንዱን ቃል ይደግመዋል።

“መምህር” ትላለች፣ “ካሴ እኮ ሃይፋ ነው። ዖሬክ ዲን ሆኗል፣ ጠበቃ።”

“አውቃለሁ። ይቸኩላል። ስንቴ ተቆጣሁት፣ አልሰማ አለኝ።”

“ድሮ ነዋ የሚቸኩለው።”

“አሁንም።” አንገታቸውን ወደ ባዶው ወንበር ያዘነብላሉ። “ዝም በይ እስኪ፣ ሚካል አልጨረሰችም። እሷን ጆሮ ጣል ካላደረጉላት አትሰማም።”

ትሁን ትፈራለች። እርጅና ነው ትላለች በሆዷ፤ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። ግን እሷም ጆሮዋን ጣል ታደርጋለች። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ከሃነቪኢም ጎዳና በኩል የመኪና ድምፅ ይመጣል። ወዲህ ቀረብ ብሎ፣ ክፍሉ ውስጥ፣ ሰው ሊናገር ሲል አፉን የሚከፍተው ዓይነት ትንሽ ድምፅ አለ። አሥራ አንደኛው መስመር ላይ አንዴ ትሰማዋለች። አሥራ ስድስተኛው ላይ ሁለቴ። ሃያ ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ቦርሳዋን ወደ ራሷ ትስባለች።

“አባ መንገሻ፣ እኔ… አዛቭቲ። ትቻለሁ። ማዳዔ ማሕሼቭ ገባሁ፣ ኮምፒውተር። ይቅር ይበሉኝ።”

ጣታቸው ይቆማል። ትሁን ቁጣ ትጠብቃለች፤ ቁጣ ቢመጣ ይሻላት ነበር።

“እግዚአብሔር ያሳካልሽ፣ ልጄ። እናትሽ ደስ ይላታል።”

“ክፍሉ ይዘጋል እኮ። እርስዎስ ምን ይሆናሉ?”

“እኔማ ምን እሆናለሁ? ሃያ ሁለት ተማሪ አለኝ።” ቀና ብለው ትሁንን ያዩና፣ “ሃያ ሦስት” ይላሉ።

ከዚያ ጣታቸውን በመጨረሻው መስመር ራስ ላይ ያሳርፋሉ። ረጅም መስመር ነው። ትሁን አንድ ቀን እንኳ ባንድ ትንፋሽ ዘልቃው አታውቅም፤ ሁልጊዜ ወገቡ ላይ ቆማ አየር ትስባለች፣ እሳቸውም ሁልጊዜ ያርሟታል።

“ተራሽ ነው፤ አንብቢና ሂጂ።”

“አውቶቡስ ያመልጠኛል፣ መምህር” ትላለች። ውሸቷን ነው። ቦርሳዋን አንስታ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ትወርዳለች።

ጎዳናው ላይ ፀሐይ አለ። አንዲት መነኩሲት የግንቡን ጥግ ይዘው ወደ ጎዳናው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። ትሁን ደረቷ ቀለል ይላታል፣ ነገሩ አልቆ የለ። ከመስኮቱ ሥር ስታልፍ ግን ከላይ ንባብ ትሰማለች፣ የሴት ልጅ ንባብ። መጀመሪያ የሚሰማት እፍረት ነው፤ ሰው የራሱን ድምፅ ከስልክ ሲሰማ እንደሚያፍረው። ከዚያ በኋላ ነው ቀጥ ብላ የምትቆመው።

ድምፁ የእሷ ነው። መስመሩም የእሷ ነው። ወገቡ ላይ ሲደርስ ይቆምና አየር ይስባል።

“እዚያ ላይ አትተንፍሺ፣ ልጄ” ይላሉ መምህር መንገሻ፣ ከላይ።

ትሁን ጎዳናው መሐል ትንፋሿን ይዛ ቆማለች።