በራስ የሚጠለቅ

«አውልቅ ብያለሁ!» እናትነሽ የልጇን የሸሚዝ ኮሌታ ያዘች። «ሚዜዎችህ መኪና ላይ ሆነው ይጠብቁሃል፤ አንተ እዚህ ትገተራለህ።»

ደጅይጥኑ የልብስ ሰፊዋን ቤት ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሙሽራዋ ሰላማዊት ያለችው ፃግብጂ ነው፤ ከሰቆጣ ገና ብዙ መንገድ አለ።

«እማ፣ በሸሚዙ ልሂድ። ጋቢ እደርብበታለሁ።»

«ሸሚዝማ ገበያ የሚወጣውም ይለብሳል። አንተ ኮምቦልቻ ሳለህ ክረምቱን ሙሉ የፈተልኩት ለማን ነው?»

እጀ ጠባቡን ከስፌት ማሽኑ ላይ አንስታ ዘረጋችው። ነጭ ነው፤ እስከ ጉልበት ይወርዳል። አንገቱ ሥር ካለችው ትንሽ ቅድ በቀር ፊቱ ግጥም ያለ ነው።

ከኮምቦልቻ ከተመለሰ ወዲህ ከሸሚዝ ሌላ ለብሶ አያውቅም። ጎረቤቱ «ልጅሽ ከተሜ ሆነብሽ» ሲላት ትስቃለች፤ ቤቷ ስትገባ ግን ያንገበግባታል። በእኛ ማፈሩ ይሆን?

ውጭ ክላክስ ተነፋ። እናትነሽ በር ድረስ ሄዳ ተመለሰች። ከዚያ የሸሚዙን ቁልፎች ራሷ ፈታታች፤ አስወለቀችው፤ እጀ ጠባቡን በራሱ ላይ አጠለቀችበት። ቀኝ እጁ ገባ። ግራው ደረቱ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ክንድህን አንሣ።»

አላነሣም። እልኋ መጣና ክንዱን ይዛ ወደ ላይ ሳበችው። ከጨርቁ ውስጥ የታፈነ ጩኸት ወጣ። እሳት እንደነካት ሁሉ ክንዱን ለቀቀችው።

«አይነሣም፣ እማ» አለ፤ ፊቱ እንደተሸፈነ።

«ምን ሆነህ?» ይህን የጠየቀችው በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ በኽምጥኛ ነበር።

እሱ በአማርኛ መለሰ። «ፎቅ ስንሠራ ወደቅኩ። አጥንቱ ገጥሟል፤ ክንዴ ግን ከደረቴ በላይ አይወጣም። ከፊት የሚከፈት ልብስ ካልሆነ አልችልም።»

«ሰላማዊት ታውቃለች?»

«ታውቃለች። ይሁን ብላለች።»

«እኔ ብቻ ነኛ የማላውቀው!»

«ታለቅሺያለሽ ብዬ ፈራሁ።»

እናትነሽ አላለቀሰችም። ልብሱን ቀስ አድርጋ ከራሱ ላይ አወለቀችና ለልብስ ሰፊዋ ሰጠቻት። «ጥሩሐረግ፣ ፊቱን ክፈቺው።»

«እማማ፣ እስከ ታች ከቀደድኩት እኮ እጀ ጠባብነቱ ይቀራል። ሸሚዝ ነው የሚሆነው።»

«ይሁና! ቁልፍ አድርጊለት።»

መቀሱ ከአንገቱ ጀምሮ ወረደ። እናትነሽ ልትቀመጥ ሞከረች፤ ተነሣች፤ የተቆረጠውን ክር ከመሬት ለቀመች፤ መልሳ ጣለችው። ማሽኑ ሲንጣጣ ደጅይጥኑ ቀና ብሎ አላያትም።

ልብሱ ሲያልቅ የግራውን እጅጌ ዘርግታ ያዘችለት። መዳፏን ከክንዱ ሥር አስገብታ፣ ሳትገፋ፣ ሳትስብ፣ እሱ ራሱ እስኪያሳርፍባት ድረስ ጠበቀች። መጀመሪያ ገታ አደረገው። ከዚያ ለቀቀላት።

ክንዱ ካሰበችው በላይ ከባድ ነበር።