ባትሪ የምትጨርሰው ጀልባ

የጀልባ ኤሌክትሪክ የሚሠራውን ሰው ወደቡ ሁሉ «ፊውዝ» ይለዋል፤ በሙያው ምክንያት ብቻ ሳይሆን ቶሎ ስለሚቃጠልም ነው። ያን ጠዋት ያስጠሩት ጡረተኛ ደግሞ ያገለገለች ባለሸራ ጀልባ ከገዙ ወዲህ ነጭ ቆብ ከራሳቸው ወርዶ አያውቅምና «ካፒቴኑ» ተብለው ቀርተዋል።

ካፒቴኑ ባለቤታቸውን በባሕር ዓለምን ሊያሳዩ ከሙሽርነታቸው ጀምሮ ሲምሉ ኖረዋል። አሁን ጓዙ ተጭኗል፤ ጎረቤትም በእንባ ሸኝቷቸዋል። ጀልባዋ ግን ጠዋት ጠዋት ሞተሯ አልነሳ ይላል።

«ሻጩ ጉድ ሠራኝ ልጄ፤ የሞተ ባትሪ ነው ያሸከመኝ» አሉ።

ፊውዝ ሻጩን ሄዶ ሊያንቀው ምንም አልቀረው። ግን መጀመሪያ ባትሪዎቹን ሞላቸው፤ ሽቦዎቻቸውን ፈትቶም አሳደራቸው። በማግስቱ በቴስተር ሲለካቸው ኃይላቸው ንቅንቅ አላለም። መልሶ አገናኝቶ ሞተሩን ቢያስነሳው እንደ ኮርማ አገሳ።

«ከእኔም ከእርስዎም ይልቅ ጤነኞች ናቸው» አለ። «ማታ ማታ የሚመጣባቸው ነገር አለ።»

ፓምፑን አየ፤ ማቀዝቀዣውን አየ፤ ሽቦውን አንድ በአንድ ዳሰሰ። ሁሉም ሲጠፋ ከባትሪዎቹ የሚወጣ ኃይል የለም።

«እንግዲህ ሌላው ሲተኛ ተነስቶ መብራት የሚያበራ ሰው አለ ማለት ነው።»

ካፒቴኑ ወደ ባለቤታቸው በዓይናቸው ጠቀሱና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እሷ ትሆናለች። ውሃ በባልዲ ስታይ እንኳ ያዞራታል። እኔን ላለማስቀየም ብላ እኮ ነው ዝም ያለችው፣ ምስኪን!»

ፊውዝ ነገሩ ገባው። ዋናው ማጥፊያ ላይ መቆለፊያ ገጠመና ቁልፏን ለካፒቴኑ ሰጣቸው። «ከእንግዲህ ይቺ ቁልፍ የሌለችው ሰው መብራትም አያበራ፣ ሞተርም አያስነሳ።»

«ትርፍ አላት?» አሉ ካፒቴኑ።

«የላትም። ይቺው ብቻ ናት።»

የካፒቴኑ ፊት በራ።

ባለቤታቸው ገመድ እየጠቀለሉ ቀና አሉ። «የኔ ልጅ፣ እውነት ነገ እንሄዳለን?» ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ፤ ዓይናቸውም እንባ አቀረረ።

ፊውዝ ወደ እሳቸው ጠጋ አለ። «አይዞዎት እትዬ፤ ባሕር እንደሆነ ሲለመድ ቤት ነው።»

ሴትዮዋ ግራ ገብቷቸው አዩት። «ለእኔ ነው እንዴ የምትነግረኝ?» አሉና በደስታ እያንጎራጎሩ ወደ ውስጥ ወረዱ።

ፊውዝ መሣሪያውን ሸክፎ ወጣ። የወደቡን የእንጨት መተላለፊያ ሳይጨርስ ቴስተሩን መርሳቱ ትዝ አለውና ተመለሰ።

ካፒቴኑ ጀልባዋ ጫፍ ላይ ብቻቸውን ቆመዋል። ግራ ቀኛቸውን ቃኙና ቁልፏን ወደ ባሕሩ ወረወሯት።