በመምህሯ ዓይን ውስጥ

ከተዘጋው በር ወዲያ የካሜራው ፍላሽ ድምፅ «ጧ» አለ፤ ወዲያው መብራቱ እንደገና ሲሞላ የሚያሰማው ቀጭን ፉጨት ተከተለ። በሩ ተከፈተና ሚኬ ዓይኗ ቀልቶ ወጣች። ታይስ ተራውን እየጠበቀ በመስኮት ሲያይ፣ ብስክሌቷ ላይ ወጥታ ከግቢው ራቀች።

የፎቶግራፍ መምህሯ ወይዘሮ ቫን ሁክ የሁለቱን ተማሪዎች የፈተና ምስሎች ጎን ለጎን ከፍተው ጠበቁት።

«የሁለቱም ምስል የመብራት አቀማመጥ አንድ ነው። ሚኬ ካንተ ቀድታ ነው፣ አይደል?»

ለሁለቱም ምስሎች መብራቱን ያስተካከለችው ሚኬ ነበረች። ታይስ መሬት መሬቱን እያየ «አዎ» አለ።

«እሷን ከፈተናው ጥያታለሁ። አንተ ደግሞ እዚሁ መብራቱን አስተካክልና ፎቶ አንሳኝ። ይሄን የተሸበሸበ ፊት ካላሳመርከው ወየውልህ!» ብለው እየሳቁ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

ክፍሉ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ማንም የለም። ታይስ መብራቱን አቆመና አነሳቸው።

መምህሯ እንደ ልማዳቸው በምስሉ ላይ የራሳቸውን ዓይን ብሌን አጎሉት፤ መብራቱ የት እንደቆመ የሚነበበው እዚያ ነው። በብሌኑ ውስጥ ነጩ መብራት ይታያል። ካሜራ የያዘው ታይስ ይታያል። ከጎኑ ሚኬ የመብራቱን እግር ደግፋ ቆማለች።

«ብቻህን ነው ያነሳኸኝ?» አሉ ቀስ ብለው።

«ያኔም መብራቱን ያስተካከለችው እሷ ናት… አሁንም» አለ ታይስ።

ወይዘሮ ቫን ሁክ ኮታቸውን አንስተው ወደ በሩ ሄዱ። ታይስ አጠገብ ሲደርሱ ከጎኑ ላለው ባዶ ቦታ፣ ሰው እንደሚያሳልፍ ሰው፣ ገለል አሉና ወጡ።